የዝምታው ኮርስ

ሊኞን፣ ጄኔቭ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወልደሥላሴ፣

ደብዳቤህ ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። ስልክ ካነሳን በሦስተኛው ደቂቃ መጮኻችን ስለማይቀር በወረቀት ይሻላል ማለትህ ልክ ነው። ከተፋታን አሥራ አንድ ዓመት ሆነን፤ በዚህ እንኳ ተስማማን። ስለ ጉልበትህ የጻፍከው የለም፤ ተሽሎሃል ብዬ ልውሰደው።

ልጃችን ደህና ናት። ስልኳን ለምን አታነሳም ላልከው፣ እዚህ የለችም። ዕረፍት ወስዳ ታይላንድ ሄዳለች፤ ቺያንግ ማይ የምትባል በሰሜን በኩል ያለች ከተማ። ባሕር የላትም አሉ፤ ዙሪያዋ ተራራ ነው፣ መሐሏን የድሮ ግንብና ውሃ የሞላበት ቦይ ከብቦታል። መንገደኛው የሚሄደው ለመዋኘት ሳይሆን ለመማር ነው። የአንድ ቀን የምግብ ሥራ ኮርስ አለ፣ የአምስት ቀን የማሳጅ ኮርስ አለ፣ የቦክስ አለ፣ ዝሆን የሚያጥቡበትና ሙዝ የሚያበሉበት ቦታም አለ። ሶልያና የምትማረውን ከነቀኑ በወረቀት ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋልኛለች። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ አየዋለሁ፤ ዛሬ እዚህ ናት እላለሁ።

ስለ ሥራዋ ለጠየቅኸኝ፣ ሆስፒታሉ ፈቅዶላታል። ከዚህ የበለጠ የምልህ የለኝም።

እኔም የምጠይቅህ አለ። ለገና አንተ ዘንድ ውላ ስትመለስ ፊቷ የሌላ ሰው መስሎ ነበር። በሳምንቱ ትኬት ቆረጠች። ምን ተባባላችሁ?

የወይንሐረግ


ዲቲኮን፣ ዙሪክ
ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

የወይንሐረግ፣

ጉልበቴ እንደነበረው ነው። ዳገቱን እችለዋለሁ፤ ቁልቁለቱ ነው የሚያስቸግረኝ።

ለገና ምን ተባባላችሁ ላልሽው፣ ምንም። ምሳ በላን። ዕቃ እያጠበች ስለ ሥራ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ እንደ ልማዴ መለስኩላት። ከዚያ ባቡሬ ይሄዳል ብላ ተነሣች።

አሁን ግን አንቺ መልሺልኝ። በኅዳር ስንነጋገር የዓመት ዕረፍቷን በበጋ ጨርሳ አንድ ቀን እንኳ እንዳልቀራት ነግራኝ ነበር። በጥር ይህ ሁሉ ሳምንት ከየት መጣ? ሃያ ስምንት ዓመት በከተማ ሐዲድ ላይ ትራም ነድቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ዕረፍት እንዴት እንደሚሰጥ አውቃለሁ። በክረምቱ መሐል፣ ሆስፒታሉ ሁሉ ሰው አጣን እያለ በሚጮህበት ሰዓት፣ ለነርስ «ሂጂ ዝሆን እጠቢ» የሚል አለቃ የለም።

ቅዳሜ ዕለት ፖስትካርድ ደረሰኝ። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ የጻፈችውን እንዳለ ልገልብጥልሽ፦

«አባዬ፣ የማሳጅ ኮርስ ጨረስኩ። ወለል ላይ ፍራሽ አለ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እንለማመዳለን። በአውራ ጣት እግር ላይ ያለ መስመር እንከተላለን። መምህሯ እጄን ያዘች፣ ሰው ስትነኪ ለምን ትፈሪያለሽ አለች። ግን ሰርተፊኬት ሰጠችኝ። እወድሃለሁ።»

ስድስት ጊዜ አነበብኩት። አራት ዓመት ሙሉ ሕመምተኛ ስታገላብጥ፣ ስታጥብ፣ መርፌ ስትወጋ የኖረች ልጅ ሰው ለመንካት ለምን ትፈራለች? አንቺ ታውቂዋለሽ። የደብዳቤሽ አጻጻፍ ያሳብቅብሻል፤ አንቺ ስትደብቂ ዓረፍተ ነገርሽ ያጥራል።

ወልደሥላሴ


ሊኞን
የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወልደሥላሴ፣

ግማሹን ልንገርህ፤ ግማሹን አትጠይቀኝ። የእኔ አይደለም።

ሶልያና ባለፈው ሰኞ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ የቡድሃ ገዳም ገብታለች። ቀሪውን ሳታነብ አትቆጣ። ሃይማኖቷን ልትለውጥ አይደለም። ለውጭ አገር መንገደኞች የሚሰጥ ኮርስ ነው፣ የዝምታ ኮርስ፤ ሃያ አንድ ቀን። ነጭ ልብስ ያስለብሷቸዋል። ስልካቸውን ተቀብለው ቢሮ ያስቀምጡታል። ማንበብ የለም፣ መጻፍ የለም፣ እርስ በርስ ማውራት የለም። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ይራመዳሉ፣ እንደገና ይቀመጣሉ። ከቀትር በኋላ እህል አይቀመስም። በቀን አንዴ የሚያስተምራቸውን መነኩሴ ያነጋግራሉ፤ ያም አሥር ደቂቃ ነው።

የምትወጣው የካቲት 17 ነው፣ አንተ ዐቢይ ጾምን የምትይዝበት ቀን። እስከዚያ እኔም ድምፅዋን አልሰማም። ከመግባቷ በፊት ደውላ «እማዬ፣ አታስቢ፣ እዛ ማንም አይጠይቀኝም፣ ለዛ ነው» አለችኝ። ይህን ስትለኝ ድምፅዋ የደከመ ሽማግሌ ድምፅ ይመስል ነበር።

ሰው መንካት ስለመፍራቷ የጻፈችልህን ሳነብ ወጥ ቤቱ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ለእኔ ይህን አልጻፈችም። ለአንተ ለምን እንደጻፈችው አስበህበታል?

ሌላውን ስትወጣ ራሷ ትንገርህ። ቃል አስገብታኛለች።

የወይንሐረግ


ዲቲኮን
የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

የወይንሐረግ፣

ገዳሙን በተመለከተ የምለውን ብዙ ወረቀት ጽፌ ቀደድኩት። እግዚአብሔር ዝም የሚሉትንም ይሰማል፤ በዚህ ልለፈው። አሁን የሚያስጨንቀኝ እሱ አይደለም።

ሰኞ ጠዋት ወደምትሠራበት ክፍል ደወልኩ። በተሰበረ ፈረንሳይኛዬ አባቷ ነኝ አልኩ። ያነሳችው ሴት «ሶልያና በአሁኑ ጊዜ እኛ ጋ አትሠራም» አለችኝ። መቼ ትመለሳለች ብላት «እሱን ልነግርዎት አልችልም፣ ጌታዬ» አለች። የድምፅዋን ቃና አውቀዋለሁ። ሰው እንዲህ የሚናገረው አንድ ነገር ሲደርስ ነው።

ስለዚህ እንዲህ እጠይቅሻለሁ፤ በአዎን ወይም በአይደለም መልሺልኝ። ታማለች? አጥፍታ ነው? ሰው በድሏታል?

ቃል አስገብታኛለች ትያለሽ። ቃልሽን አከብራለሁ። ነገር ግን ልጄ ከዓለም ጫፍ በር ዘግታ ተቀምጣለች፣ ስልኳ በሰው እጅ ነው፣ ምን እንዳገኛት የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። አንድ ነገር ብትሆን ቃልሽ ምን ያደርግልናል?

እስከሚቀጥለው ረቡዕ መልስ ካላገኘሁ ጄኔቭ መጥቼ በርሽ ላይ እቆማለሁ። ዛቻ አይደለም። ሌላ የማደርገው ስለጠፋኝ ነው።

ወልደሥላሴ


ሊኞን
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወልደሥላሴ፣

ክፍሏ ድረስ ከደወልክ መደበቁ አበቃ። ልጄ ይቅር ትበለኝ።

የሆነው ታኅሣሥ 3 ቀን ነው። የከሰዓት ፈረቃ ነበረች፤ የሥራ ባልደረባዋ ታማ ቀርታ የሁለት ሰው ሥራ ብቻዋን ይዛ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ተኝተዋል። የአንደኛውን የልብ መድኃኒት ለሌላኛው ሰጠችው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ራሷ ነቃችበት። ራሷ ሐኪም ጠራች፣ ራሷ ያደረገችውን ጽፋ ፈረመች። ሰውዬው በማግስቱ ጠዋት ዐረፈ። ሙስዬ ፋቭር ይባላል፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ ሚስት አለችው።

ጉዳዩ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ነው። መድኃኒቱ ነው ወይስ ቀድሞም የታመመ ልቡ ነው የገደለው እየተባለ ምርመራ ላይ ነው። ሶልያና ውሳኔ እስኪሰጥ ከሥራ ታግዳለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት ብዬ ልጻፍልህ? ከክፍሏ አትወጣም ነበር። ምግብ ደጃፏ ላይ አስቀምጬላት ስመለስ እንዳለ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ካልሲዋን እያደረገች፣ እንደ ተራ ነገር፣ «እማዬ፣ እኔ ባልኖር ለእናንተ ይቀል ነበር?» አለችኝ። ያን ቀን ሥራ አልሄድኩም፤ ይዣት ሐኪም ቤት ሄድኩ። ለገና ግን አባዬ ጋ እሄዳለሁ ስትል ደስ አለኝ፤ ልትነግርህ እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ። ስትመለስ እንዳልነገረችህ አወቅሁ። ራቅ ብለሽ ተቀመጪ ያላት ሐኪሟ ነው፤ ከተማይቱን የመረጠችው ግን እሷ ናት። እጄን ሥራ ላስፈታው አልችልም፣ የምማርበት ቦታ ይሁን አለች።

ለምን ደበቅሽኝ ትለኛለህ። ትራሙን ስለማውቅ ነው። እሷ ገና የአንድ ዓመት ሕፃን ሳለች ያቺ ሴት በአንተ ትራም ሥር ከገባች በኋላ ምን እንደሆንክ አይቻለሁ። እየበላህ፣ እየሠራህ፣ ቤተ ክርስቲያን እየሳምክ፣ ግን የሌለ ሰው ሆነህ ዓመታት ቆየህ። ሶልያና ስለዚያ ምንም አታውቅም፤ አንተም አልነገርካትም፣ እኔም። የእሷን ብነግርህ ያንተው ተመልሶ ይመጣብሃል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም፣ እውነቱን ልጻፍ፣ ትቆጣታለህ ብዬ ፈራሁ።

የምትወጣበት ቀን ስምንት ቀን ቀረው። ወጥታ ወዴት ትሄዳለች? እሱን እያሰብኩ እጄ ሥራ አይይዝልኝም።

የወይንሐረግ


ኦፕፊኮን፣ ኅሩይ ቤት
የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

የወይንሐረግ፣

አልተቆጣሁም። መጀመሪያ ይህን እወቂልኝ።

ይህን የምጽፈው ከአየር ማረፊያው አጠገብ ወዳጄ ኅሩይ ቤት ሆኜ ነው። ከምሳ በኋላ እሱ ያደርሰኛል። ቺያንግ ማይ ነገ እገባለሁ። ልትከለክዪኝ አስበሽ ከሆነ ደብዳቤው እስኪደርስሽ እዚያ ነኝ።

ለገና የጠየቀችኝን ምንም ብዬሽ ነበር። ትልቅ ነገር ነበር። ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ «አባዬ፣ ሥራ ላይ ተሳስተህ ታውቃለህ? ትልቅ?» አለችኝ። እኔም «ሃያ ስምንት ዓመት ነድቼ አንድ ቀን አልዘገየሁም። ሥራውን የሚያከብር ሰው አይሳሳትም» አልኳት። ውሃውን ዘጋች። እጇን ቀስ ብላ አደረቀች። የምትጠይቀው ሰው ያጣች መስላ ነበር፤ እኔ ግን ምክሬ የገባት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

ልጄ የመጣችው በዓለም ላይ ይህን ነገር ወደሚያውቀው ወደ አንድ ሰው ነበር፤ ሳታውቅ። እኔም ዋሸኋት።

ፖሊስ ጥፋት የለብህም ብሎ ወረቀት እንደሰጠኝ ታስታውሻለሽ። ጠዋት ነበር፣ ፀሐይ ነበረ፣ ሴትዮዋ ግራና ቀኝ ሳታይ ከእግረኛ መንገድ ወረደች። ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነው። ወረቀቱ ላይ የሌለውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ቤት ገብቼ ለአንቺም አልተናገርኩም። ደወሉን ዘግይቼ ነው የመታሁት። ስንት ዘገየሁ ብትዪኝ አላውቅም፤ አንድ ትንፋሽ ያህል። በመስተዋቱ አንድ ተሳፋሪ ልጇን ስታጫውት እያየሁ ነበር፣ የእኛን አስታውሳኝ። ያቺን አንድ ትንፋሽ ሃያ አምስት ዓመት ተሸክሜያታለሁ።

ይህን ለሶልያና እነግራታለሁ። በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ኅሩይ ጫማዬን አይቶ «እዚያ ሙቀት ነው፣ በዚህ ትሄዳለህ?» አለኝ፤ ሌላ የለኝም አልኩት።

ጸልዪልኝ።

ወልደሥላሴ


ሊኞን
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወልደሥላሴ፣

ይህ ደብዳቤ ዲቲኮን ሳጥንህ ውስጥ ተቀምጦ እንደሚጠብቅህ አውቃለሁ። ዝም ብዬ መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው።

ሰኞ ዕለት ከማላውቀው ቁጥር መልእክት መጣ፦ «አልወጣችም። እጠብቃለሁ። ወልደሥላሴ።» ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። ያንተ ስልክ እዚያ እንደማይሠራ ገባኝ፤ በመጣው ቁጥር ብደውል አንዲት ሴት በማላውቀው ቋንቋ ትመልሳለች፣ «አባት ደህና፣ አባት በር» ትለኛለች በእንግሊዝኛ። አልወጣችም ማለት ምን ማለት ነው? እምቢ አለች? አሟታል? የለችም?

ለገዳሙ ቢሮ በኢሜይል ጻፍኩ። ከሁለት ቀን በኋላ «ተማሪዋ በራሷ ፈቃድ ሰባት ቀን ጨምራለች» የሚል አንድ መስመር ላኩ። በሕይወት መኖሯን አወቅሁ፤ ለጊዜው ይህ በቃኝ ብዬ ለራሴ ብነግረውም አልበቃኝም። ሰው ከዝምታ መውጣት እምቢ የሚለው ውጭ ያለውን ሲፈራ ነው።

ዛሬ ደግሞ ከዐቃቤ ሕግ ወረቀት መጣ። መጋቢት 24 ቀን እንድትቀርብ ተጠርታለች። ፈርሜ ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ማንም እንዳይነካው ቆለፍኩበት፤ ከእኔ በቀር ማንም በሌለበት ቤት።

ስታገኛት ስለዚህ ወረቀት አትንገራት። ወይም ንገራት። አላውቅም። ያንተን ነገር ስትነግራት ምን እንደምትልህ ሳስብ እየተነሣሁ መስኮት ላይ እቆማለሁ። በላች ወይ? ከስታለች? ምን አለችህ? ለምን ይዘሃት አልመጣህም የምልህ ቀን እንዳይመጣ እየለመንኩ ነው።

የወይንሐረግ


ዲቲኮን
የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

የወይንሐረግ፣

ደብዳቤሽን ትናንት ከሳጥኑ አውጥቼ ሻንጣዬን ሳልፈታ አነበብኩ። በላች። ከስታለች፤ ግን ዓይኗ ተመልሷል። ይዤያት ያልመጣሁበትን ምክንያት እደርስበታለሁ።

የካቲት 17 ጠዋት በሩ ላይ ነበርኩ። ነጭ የለበሱ ፈረንጆች አንድ በአንድ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወጡ፤ እሷ የለችም። ቢሮ ገባሁ። አንዲት ሴት መዝገብ አይታ «ሰባት ቀን ጨምራለች፤ ማየት አይቻልም» አለችኝ።

«በሕይወት አለች?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ዛሬ ጠዋት ሩዝ ስትበላ አይቻታለሁ» አለች። «መልእክት መተው ይችላሉ፤ አንድ መስመር።»

እስክሪብቶ አንስቼ ቆምኩ። እዚህ ነኝ ብዬ ብጽፍ ትጨነቃለች፤ እንድትወጣልኝ አስገድዳት ይሆናል። መልሼ አስቀመጥኩት።

ሁለት ቀን ከበሩ ፊት ለፊት ካለ የድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። በዚህ ወቅት ገበሬው እርሻውን ያቃጥላል፤ ጭሱ ከተራራው ወርዶ ዓይን ያቃጥላል። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ኖይ ትባላለች፤ ስልኳን አንስታ ያናገረችሽ እሷ ናት። በሁለተኛው ማታ ራት ስታቀርብልኝ «አባት፣ በሩን ስላየኸው አይከፈትም» አለችኝ። «ነገ የማስተምረው የምግብ ኮርስ ላይ አንድ ቦታ ባዶ አለ። ና።»

ሄድኩ። አራት ጥንድ አዲስ ተጋቢዎችና እኔ፤ ሁላችንም ሽርጥ ታጥቀን። መጀመሪያ ገበያ ወሰደችን፤ ዝንጅብል የሚመስል ዝንጅብል ያልሆነ ሥር፣ የሎሚ ሣር፣ እንቁላል የሚያህል ክብ ደበርጃን እያነሳች አሽቱ አለችን። ጾም ነኝ፣ ሥጋም ዓሣም ቅቤም እንቁላልም አልነካም ብላት ምንም ሳይደንቃት ከአኩሪ አተር የሚሠራ ቶፉ ቆራርጣ ሰጠችኝ። ከዚያ የድንጋይ ሙቀጫ ፊት አስቀመጠችኝና ቃሪያውን ውቀጥ አለችኝ። ስወቅጥ፣ ስወቅጥ፣ ዕንባዬ መጣ። ከዚያ አልቆም አለ። ወጣቶቹ ሁሉ ሥራቸውን ትተው አዩኝ። ኖይ «ቃሪያው ነው» አለቻቸው፣ «ሁሉንም ሰው ያስለቅሳል»፤ ፊቴን እንድጠርግም ፎጣ ሰጠችኝ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ያላለቀስኩትን በስምንት እንግዶች ፊት በሽርጥ አለቀስኩት።

በማግስቱ ሶልያና የተማረችበትን የማሳጅ ቤት አፈላልጌ ሄድኩ። መምህሯ በዕድሜ እኔን ታህላለች። ፎቶ አሳየኋት፤ ወዲያው አወቀቻት። «እጇ ጥሩ ነው» አለችኝ፣ «ግን ሰውን የሚነካው ይቅርታ እየጠየቀ ነው።» ይህን የሰማሁት የእኔን ጉልበት እያሸች ሳለ ነው። ብድግ ብዬ እንዳልወጣ ጉልበቴ በእጇ ነው።

የካቲት 24 ወጣች። በነጭ ልብስ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ። አየችኝና ባለችበት ቆመች።

«አባዬ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አልኳት፤ ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ሁለታችንም ደነገጥን። ከዚያ «እማዬ ነገረችህ» አለች። አዎን አልኳት። «ተቆጣህ?» «አልተቆጣሁም። ልነግርሽ የመጣሁት ነገር አለ፤ ለገና ስትጠይቂኝ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት።

አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ነገርኳት። ፀሐዩን፣ መስተዋቱን፣ ያቺን ትንፋሽ። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። የሴትዮዋን ስም ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«ቤተሰቧን አገኘህ?» አለችኝ።

«አላገኘሁም። ልጇ ከአንዱ ፌርማታ ፊት ለፊት የጫማ ሱቅ ነበረው። ሥራ እስካቆም ድረስ በየቀኑ በዚያ አልፌያለሁ፤ በመስኮት አየዋለሁ። አንድ ቀን አልወረድኩም።»

በራሷ አማርኛ «እኔ እወርዳለሁ» አለችኝ። የሙስዬ ፋቭርን ሚስት ማለቷ ነው።

ለምን ሰባት ቀን እንደጨመረች ጠየቅኋት። መነኩሴው በየቀኑ ዛሬ ምን አየሽ ይላታል፤ ሁልጊዜ «ምንም» ትለው ነበር። በሃያኛው ቀን «ሰው ገድያለሁ» አለችው። እሱም አልደነገጠም፣ አላጽናናትም፤ «ነገም ተመልሰሽ ንገሪኝ» ብቻ አላት። ሳልጨርሰው እንዴት ልውጣ አለችኝ።

የዐቃቤ ሕጉን ወረቀት አላውቅም ነበርና አልነገርኳትም። እሷ ግን እንደሚመጣ ታውቃለች። መምህሯ ለአንድ ሳምንት በሠፈሩ ላሉ አረጋውያን በነፃ የሚሠሩትን ማሳጅ እንድታግዛት ጠይቃታለች። «እጄ እንዲለምድ ነው፤ ከዛ እመጣለሁ» አለችኝ። ልጎትታት አልቻልኩም፤ አመንኳት። መጋቢት 5 ጄኔቭ ትገባለች። አየር ማረፊያ ስትቀበያት ወረቀቱን ከመሳቢያው አውጪና ያዢላት፤ ከእንግዲህ አንደብቃት።

ወልደሥላሴ


ሊኞን
መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወልደሥላሴ፣

ውሳኔውን በስልክ ነግራሃለች፤ እኔም ልድገመው። ባለሙያዎቹ መድኃኒቱና የታመመው ልብ አንድ ላይ ነው፣ ለይተን መናገር አንችልም ብለው ጻፉ። ዐቃቤ ሕጉ፣ እዚህ አገር እንዲህ ያለውን እሱ ራሱ ስለሚወስን፣ በቸልተኝነት ጥፋተኛ ናት አለ፤ ቅጣቱ ግን በገደብ ነው፣ የነርስነት ፈቃዷም አልተነካም። ጠበቃዋ ይግባኝ እንበል ቢላት አይሆንም አለችው። ሆስፒታሉ አልመለሳትም። ከሰኔ ጀምሮ እዚሁ ሠፈራችን አጠገብ ባለ የአረጋውያን ቤት ትገባለች፤ ሲቀጥሯት ሁሉንም ነግራቸዋለች።

ያልነገረችህ ግን የቅዳሜውን ነው። ለአባዬ አንቺ ጻፊለት አለችኝ።

ማዳም ፋቭር ካሩዥ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ሶልያና ደብዳቤ ጽፋ ፈቃድ ጠይቃ፣ ቅዳሜ በአምስት ሰዓት ነይ ተብላ ነበር። አብሬሽ ልውጣ ብላት እምቢ አለች። እኔ ከታች በረንዳው ሥር ቆምኩ። አርባ ደቂቃ። አንድ ጊዜ መስኮት ተከፍቶ ተዘጋ፤ ነፍሴ ወጣች።

ሶልያና እንደነገረችኝ፣ ማዳም ፋቭር ተቀመጪ አላሏትም። ሶልያና ቆማ ያደረገችውን ተናገረች፤ ሰዓቱ ሳይቀር። ስትጨርስ ሴትዮዋ ስለ መድኃኒቱ አንድም ነገር አልጠየቋትም። «ያን ዕለት እኔ ጉንፋን ይዞኝ አልሄድኩም» አሏት። «ምን አለ? ራቱን በላ?»

ሶልያናም የሆነውን ነገረቻቸው። ሾርባው ጨው የለውም ብሎ አማረረ፤ ሚስቴ አሥር ዓመት ጨው ትደብቅብኛለች፣ እናንተም ከእሷ ጋር አብራችኋል አላት። ማዳም ፋቭር ያኔ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር የምደብቀው» አሉ፤ ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ስትወጣ እጅ አልሰጧትም። «ተመልሰሽ አትምጪ፤ መምጣትሽ ግን ደግ ነው» አሏት።

ደረጃውን ወርዳ ስትመጣ አቀፍኳት። በጥብቅ ያዘችኝ። በእጇ ነው የምልህ። በሁለት እጇ።

አሁን የእኔን ልጻፍ። ለሶልያና ስለዚያ ቀን ስትነግራት፣ ቤት ገብቼ ለማንም አልተናገርኩም፣ የእኔ ጠባይ ነው ብለሃታል። ለእኔም በደብዳቤ «ለአንቺም አልተናገርኩም» ብለህ ጽፈሃል። እንዲህ አልነበረም፤ አንተም ታውቀዋለህ። ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ ገባህ። ሶልያናን እያበላሁ ነበር። ኮትህን ሳታወልቅ «የወይንሐረግ፣ ልንገርሽ» አልክ። እኔ ፊትህን አይቼ ፈራሁ። «በልጅቷ ፊት አይሆንም፤ አትንገረኝ» አልኩህ። በኋላም አልጠየቅሁህም፤ በሳምንቱም፣ በዓመቱም። ከዚያ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አታወራም ብዬ ከሰስኩህ፣ በዚያው ምክንያት ተለየሁህ። አንተ ግን ለልጅህ ስትነግራት እኔን ከታሪኩ አወጣኸኝ። ማድረግህን አይቻለሁ።

ሶልያና የሴትዮዋን ስም ታውቃለች። እሷን አልጠየቅኋትም፤ ካንተ መስማት እፈልጋለሁ። ስሟንም፣ ያን ጠዋትንም፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ። በደብዳቤ ካልሆነልህ ና። ልጅቷም አድጋለች፣ እኔም ተቀምጫለሁ፤ ንገረኝ።

የወይንሐረግ